በልተን የመጣን ጎብኚዎች

እናቴ ወንድሜ ጎመን የሚተክል ይመስላት ነበር። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ሥራ ያዘ?» ብሎ ሲጠይቃት «ከእርሻ መሥሪያ ቤት ገብቶ አትክልት ያለማል» ትላለች። በደብረ ብርሃን ደግሞ አትክልት ማለት ጎመን፣ ድንችና ካሮት ነው፤ ለማየት ብሎ ቅጠል የሚተክል ሰው በእኛ ሰፈር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ስለዚህ ስንት ዓመት ኮሌጅ ቆይቶ የተመለሰው የበኩር ልጇ ለጎመን መመረቁን እያሰበች በሆዷ ታዝን ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ «ለመሆኑ ከምታለማው ጎመን ለቤት የሚተርፍ የለም?» አለችው። ወንድሜ የጎረሰውን ሽሮ ዋጠና ሌላ ጎረሰ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት።

ወንድሜ የሚያለማው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአንኮበር መንገድ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን እስከ ደረት በሚደርስ የድንጋይ ካብ የታጠረ አሮጌ ግቢ ነበር። በንጉሡ ጊዜ የአንድ ባለርስት የበቅሎ ማሰሪያ ነበር አሉ። አብዮቱ ሲመጣ ባለርስቱም በቅሎዎቹም የት እንደ ገቡ እንጃ፤ ጥቂት ያረጁ ጥዶች፣ ወይራዎችና አንድ ግዙፍ የኮሶ ዛፍ ግን ቦታቸውን ሳይለቁ ቀሩ። ወንድሜ አለቆቹን ለምኖ ግቢውን ተቀበለና የአገራችንን ተክሎች ሰብስቦ ሕዝብ የሚጎበኛቸው ቦታ አደረገው።

በእረፍት ቀኑ ሁሉ አንኮበር ይሄድ ነበር። ሰው ከአንኮበር ሲመለስ ማር ይዞ ይመጣል፤ እሱ ጭቃ በጆንያ ይዞ ይመጣል። ከገደሉ ሥር፣ ውኃ ከሚያንጠባጥብበት ጥላ፣ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበትን እንሶስላ ነቅሎ ያመጣል። ከጎረቤላ ወዲያ ካለው ጫካ ቀጋና የዝግባ ችግኝ ያመጣል። ከብርዱ ተራራ አናት ደግሞ ጅባራ የሚባለውን፣ ሲያድግ የሰው ቁመት የሚበልጠውን ተክል፣ ገና ጎመን በሚያክልበት ዕድሜው ያመጣል። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ጅባራውን ታቅፎ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ ያሉት ሴትዮ «ይሄ ጥሩ ጎመን ነው፤ ከየት ገዛኸው?» ብለው ጠየቁት። ይህንን ለእናቴ እንዳልነግርበት አስምሎኛል።

በግቢው ውስጥ ለእያንዳንዱ ተክል ስሙን በትንሽ ጣውላ ጽፎ አቆመለት። በሩ ላይም «ለሕዝብ ክፍት ነው» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ሕዝቡ ግን አልመጣም። ለምንስ ይመጣል? በእኛ አገር ዛፍ ይቆረጣል፣ ከፀሐይ ይጠለሉበታል፣ ከብት ያስሩበታል እንጂ አይጎበኝም። እሑድ እሑድ ወንድሜ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ይውላል፤ ማታ ፊቱ በነፋስ ቀልቶ ይመለሳል። «ሰው መጣ?» እለዋለሁ። «ሁለት ፍየሎች» ይለኛል።

በዚህ መካከል ከአውራጃ አንድ ጓድ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጎልማሳ ነበር። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ባለ ሥልጣን በዚያን ጊዜ ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራ ነበር። ወንድሜ ኋላ ቃል በቃል እንደ ነገረኝ፣ ጓዱ ግቢውን ከበሩ ላይ ሆኖ ተመለከተና ጠየቀ፤

«ይሄ ጅባራ የምትለው ይበላል?»

«አይበላም፣ ጓድ።»

«እንሶስላውስ?»

«ሴቶች እግራቸውን ያቀሉበታል።»

«ሰፊው ሕዝብ እግሩን ከማቅላቱ በፊት ሆዱን መሙላት አለበት» አለ ጓዱ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየው። «ለሕዝብ ክፍት ነው ብለሃል። ሕዝቡ የታለ? እሑድ ረፋዱ ላይ መጥቼ አያለሁ። ሰው ከገባበት እንነጋገራለን። ካልገባበት ድንች ይገባበታል።»

ወንድሜ ያን ቀን ማታ ራቱን አልበላም። ድንች ይጠላል ማለት አይደለም፤ ይወዳል። ግን ተክሎቹ ከዚያ ግቢ ከተነቀሉ የሚመለሱበት ቦታ አልነበራቸውም። አንዳንዱን ካነሣበት ጫካ በዓመቱ ተመልሶ ቢሄድ ቦታው ተመንጥሮ፣ ታርሶ፣ ገብስ ተዘርቶበት አግኝቶታል። «የእኔዋ ብቻ ናት የቀረችው» ይል ነበር ስለ አንዳንዷ፤ ስለ ሴት ልጁ የሚናገር ነበር የሚመስለው። በእርግጥ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ እናቴን ከጎመኑ ቀጥሎ የሚያሳዝናት ይህ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ ችግር ሲገጥመኝ ሰልፍ ማሰለፍ እወዳለሁ። «ሕዝብ ነው የቸገረህ?» አልኩት። «ሕዝብ ማለት እማዬ ናት። እሷን ካመጣሁልህ ሌላው በራሱ ይመጣል።»

ይህ ማጋነን አይደለም። እናቴ የማርያም ማኅበር ሙሴ ነበረች፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው፤ እስራኤልም ቢሆን ለሙሴው እንደ እሷ ማኅበርተኞች አልታዘዘም። ስትቀመጥ ይቀመጣሉ፣ ስትነሣ ይነሣሉ፣ ስታለቅስ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ያለቅሳሉ። ያደገችው አንኮበር አጠገብ ባለች አንዲት ደብር ሥር ነው፤ የቄስ ልጅ ናት። አያቴ እንደ ሌሎቹ ቄሶች ለዘብ ያሉ አልነበሩም። እህል የቀመሰ ሰው ወደ መቅደሱ ቀርቶ ከቅጥሩ በር እንዳያልፍ ይከለክሉ ነበር። እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው የሚጠራጠሩትን ሰው አፉን ያሸቱት ነበር ይባላል። እናቴም ይህን ሕግ ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባችው፤ አንዲት ፍሬ ሽንብራ ከቀመሰች ከደጅ ተሳልማ ትመለሳለች።

ለእናቴ ነገሩን ሳስረዳት ስለ ጅባራ አላነሣሁም። «የልጅሽን ሥራ ሊዘጉበት ነው። ሰው መጥቶ ካልጎበኘለት ያልቅለታል» ብቻ ነው ያልኳት። እናቴ ብድግ አለች። «የኔን ልጅ ጎመን?» አለች። «ማኅበሩን ይዤ እመጣለሁ!»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ሰው በባዶ ሆዱ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ቅጠል አይጎበኝም ብዬ ድፎ ዳቦ አስደፍቼ፣ ቆሎ አስቆልቼ፣ የእናቴን ጠላ አቅርቤ ነበር። በራሴ አደረጃጀት በጣም ተደስቼ ነበር። «ብሉ! ጠጡ! መንገዱ ሩቅ ነው!» እያልኩ እየዞርኩ አጎርሳቸው ነበር። እምቢ ያለችኝንም በማርያም እየለመንኩ አጎረስኳት። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችንም መጣች። አልዩ አምባ ተወልዳ ያደገች፣ በርበሬና ጥጥ የምትነግድ ሙስሊም ናት፤ ከእናቴ ጋር ሲዋደዱም ሲጨቃጨቁም ነው የኖሩት። «እኔስ ሕዝብ አይደለሁም እንዴ?» ብላ ዳቦዋን በሻይ በልታ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች።

የደብረ ብርሃን ነፋስ ከፊት ለፊታችን እየመጣ ጋቢያችንን ሊቀማን ሲታገለን በአንኮበር መንገድ ወጣን። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ዛፍ የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ አስቤው ቢሆን ኖሮ ዳቦውን አላስደፋም ነበር።

ግቢው ከሩቅ ሲታይ ካቡ ክብ ነው። ከካቡ በላይ ያረጁት ጥዶች ሽበታቸውን አንጠልጥለው ይታያሉ፤ ከነሱ ጎን ወይራው፣ ከወይራው ጎን ኮሶው። በሩ ላይ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ወንድሜ የሠራለት ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን አለ። በዚህ ላይ ወንድሜ እኛን ከሩቅ ሲያየን ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነና፣ ለሠራተኛ መጥሪያ ብሎ ጥድ ላይ የሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይደልቀው ጀመር። ደንግ፣ ደንግ፣ ደንግ።

እናቴ ቆመች። ሰልፉ በሙሉ ቆመ።

«ይሄ ነው የጎመን ቦታ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ይሄ ነው።»

ነጠላዋን ፈታ መስቀለኛ አጣፋችው። የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች። ወደ በሩ ቀረብ ብላ መቃኑን በቀኝ፣ በግራ ተሳለመች። ከዚያ ወደ ኋላዋ ተመለሰችና ካቡ ሥር ቆመች። ማኅበርተኞቹ ሁሉ ጫማቸውን እያወለቁ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ መቃኑን እየሳሙ ከጎኗ ተደረደሩ።

ወንድሜ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። «እማዬ! ምነው ቆማችሁ? ግቡ እንጂ!»

«በልተናል» አለችው በሹክሹክታ።

«ደግ አደረጋችሁ። ግቡ!»

«በልተናል እኮ ነው የምልህ!»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ከንፈሬ ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ ጠረግሁ። «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የበቅሎ ማሰሪያ ነበር» አላት።

«ከበቅሎዎቹ በፊትስ?»

«ከበቅሎዎቹ በፊት ምንም አልነበረም።»

«ምንም!» አለች እናቴ፤ ወደ ማኅበርተኞቿ ዞር ብላ ምስክር ጠራች። «ምንም ባይኖርበት ይሄን ጥድ ማን አስቀረው? ሰው የሚባል ፍጡር ለከሰል የእናቱን ደጃፍ ዛፍ በሚቆርጥበት አገር፣ ታቦት ያልጠበቀው ወይራ እስካሁን ይቆማል? አንድ ጊዜ ታቦት ኖሮበታል። አንተ አታውቅም፤ ተምረህ የመጣኸው ትናንት ነው።»

«እውነቷን ነው!» አሉ ሴቶቹ።

እስካሁን ድረስ ለዚህ ክርክር መልስ አላገኘሁለትም። በዚያን ሰዓት ግን የአስተማሪነት ወኔ መጣብኝና «እዩ፣ እኔ ስገባ ምንም አልሆንም» ብዬ በሩን አልፌ ገባሁ።

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ። «ድፎውን ማን ነው የጨረሰው? ውጪ!»

ወጣሁ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ኖሮ ዕድሜ ልካቸውን ይሥቁብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ጎረቤታችን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እንግዲህ የኔ አያት አፍ አያሸቱም ነበር» አለች። ጫማዋን ግን አወለቀች፤ «የወልዮችም ቦታ ቢሆን አይታወቅም» ብላ። «ቢስሚላህ!» ብላ በቀኝ እግሯ ገባች። ወንድሜ ከኋላዋ ሄደ። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ቦታ የገባችው ሕዝብ እሷ ብቻ ነበረች። ብዙም ሳትቆይ ከውስጥ ጮኸች።

«አንተ! ምነው የአገሬን ልጅ በጆንያ ጠቅልለህ አሰርካት?»

ከአልዩ አምባ ቁልቁለት ያመጣውን እሬት ማለቷ ነው። የቆላ ተክል ስለ ሆነ የደብረ ብርሃን ውርጭ እንዳይገድለው ወንድሜ በጆንያ እየሸፈነ ነበር የሚያሳድረው፤ ያን ዕለት በደስታው ብዛት መግለጡን ረስቶት ኖሯል። «ውርጭ እንዳይመታት ነው» አላት። «አይ አላህ! እኔንም እዚህ አገር ሳገባ እንዲህ የጠቀለለኝ ባገኝ!» አለች። በካቡ ማዶ ያሉት ሴቶች ሁሉ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ።

ሳቁ ሳያልቅ የአውራጃው መኪና አቧራውን እየነሰነሰ መጥቶ ቆመ።

ጓዱ ወረደ። ያየው ነገር ይህ ነው፤ ሃያ ምናምን ሴቶች ባዶ እግራቸውን፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ከበሩ ውጭ ተደርድረው ቆመዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አንዲት ሴትዮ ከአንድ እሬት ጋር ታወራለች።

«ጓድ» አለው ከውስጥ ሮጦ የወጣውን ወንድሜን፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ። «ሕዝቡን ለምን ውጭ አቆምከው?»

ወንድሜ ምን ይበል? ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ነው ቢል በመንግሥት ቦታ ላይ ሃይማኖት አስነሣህ ሊባል ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህ ከድንች የከፋ ነገር ያመጣ ነበር። መግባት አልፈለጉም ቢል ደግሞ የተክሎቹን ሞት በራሱ አፍ መፍረዱ ነው። በጣም አዘንኩለት፤ በድፎዬም አፈርኩ።

እናቴ ከሰልፉ ወጣች። ጓድ ማለት ሞቷ ነው፤ ሥልጣን ያለውም የሌለውም ከእሷ በዕድሜ ካነሰ «ልጄ» ነው የምትለው።

«ልጄ፣ እሱን አትቆጣው። ግቡ ብሎ ለምኖናል። እኛ ነን በልተን የመጣነው።»

ነገሩ አበቃ አልኩ። ስለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ የሚደረገውን ንግግር በልቤ አዘጋጅቼ መጠበቅ ጀመርኩ፤ በየስብሰባው ስለምንሰማው በቃሌ አውቀው ነበር። ጓዱ ግን ሴቶቹን አየ፤ እግራቸውን አየ። ቀና ብሎ ጥዶቹን አየ። እጁ ወደ ቆቡ ሄደና ቆቡን አወለቀው፤ ራሱን የሚያክክ አስመስሎ ነበር፣ ሲያክክ ግን አላየሁም። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። መቃኑ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እኔም በልቻለሁ» አለ።

በጣም በዝግታ ስለ ተናገረው የሰማነው እናቴና እኔ፣ ምናልባትም ወንድሜ ብቻ ነን።

«ታዲያ ምን ቸገረህ» አለችው እናቴ፤ ሸርተት ብላ ቦታ ለቀቀችለት። «ከኛ ጋር ቁም።»

ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉብኝት የትም አገር ያለ ጎብኚ አይቶት አያውቅም። ካቡ እስከ ደረታችን ነው፤ አሻግሮ ማየት ይቻላል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሚዞር ሰው ካቡን ይዛ መዞር ጀመረች፤ እኛ ተከተልናት፤ ጓዱም ቆቡን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ሄደ። ወንድሜ ከውስጥ በኩል አብሮን እየሄደ፣ በየተክሉ አጠገብ ሲደርስ ስሙን እየጮኸ ይነግረናል። በማሰሮና በቆርቆሮ የተተከሉትን ጎረቤታችን እያነሣች ካቡ ላይ ታስቀምጥልናለች። «ይቺ ደግሞ ቀጋ ናት፤ እንዳትወጋችሁ!» ትላለች፤ ተክሎቹን ራሷ ያበቀለቻቸው ነበር የሚመስለው።

እንሶስላው ሲመጣ ሴቶቹ እልልታቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ከሠርጋቸው ወዲህ ያላዩት ነበሩ። ጅባራው ጋ ስንደርስ ወንድሜ «ይሄ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል» አለ። እናቴ ጅባራውን ትክ ብላ አየችውና «ጎመን መስሎኝ ነበር» አለች፤ ለወንድሜ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ጠይቃው አታውቅም። ወንድሜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስኩ፤ ማኅበርተኞቹ ግን እናቴ ስላላለቀሰች አላለቀሱም።

ኮሶው ሥር ስንደርስ ሁሉም ፊታቸውን አኮማተሩ። ለትል ያልጠጣው የለማ! ያ ምሬት ከምላስ ላይ አይለቅም። ጓዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ «እኔን እናቴ አፍንጫዬን ይዛ ነበር የምታጠጣኝ።»

«ለዚህ ነዋ ፊትህ እስካሁን ያልተፈታው» አለችው እናቴ።

ሁላችንም ደነገጥን። ነፋሱ ራሱ የቆመ መሰለኝ። ጓዱ እናቴን አያት፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። ድምፅ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ያልተሠራበት ሳቅ ነበር፤ ግን ሳቅ ነበር።

ዙሩን ጨርሰን በሩ ጋ ስንመለስ ቆቡን አጠለቀ። ቆቡን ሲያጠልቅ ፊቱም አብሮ ተመለሰ። ወንድሜ «እንግዲህ ጓድ፣ ስለ ቦታው…» ብሎ ጀመረ።

«ሕዝቡ አልገባም» አለ ጓዱ። «እናያለን።» መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

እናያለን! በዚያ ዘመን ከዚህ ቃል የከፋ አልነበረም። እምቢ ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ረሳነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ሰኞ ዕለት መልሱ መጣ መሰለን፤ አንድ የጭነት መኪና የዘር ድንች በጆንያ አምጥቶ በግቢው በር ላይ፣ ካቡ ሥር ደርድሮት ሄደ። ሹፌሩን ወንድሜ ቢጠይቀው «እዚህ አራግፍ ተባልኩ» ከማለት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ከሳ። እሬቱን ያለብሳል፣ ይገልጣል፤ ያለብሳል፣ ይገልጣል። እናቴ በበኩሏ ረቡዕ ዕለት እህል ሳትቀምስ ብቻዋን ሄዳ፣ ጫማዋን አውልቃ ገብታ፣ ኮሶው ሥር ቆማ ጸልያ ተመለሰች። ምን ብላ እንደ ጸለየች ብጠይቃት «ድንቹ እንዲበሰብስ» አለችኝ። ከዚያ አሰብ አደረገችና «እህል ነው፣ አይበስብስ። ሌላ ቦታ ይብቀል» ብላ አረመችው።

ዓርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ለወንድሜ የምሳ ሳህኑን ላደርስለት ሄድኩ። ጭጋጉ ገና ከመሬት አልተነሣም። ወንድሜ በሩን ዘግቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ከጆንያዎቹ ፊት ለፊት ቆሟል። አደባባይ ሲያድር ያየሁት ዘበኛ እንኳ እንደዚያ ቆሞ አያውቅም።

ከመንገዱ በኩል አንድ ሰው በእግሩ መጣ። በካኪው ላይ ጋቢ ደርቧል፤ ቆብ የለውም። ቀረብ ሲል ጓዱ መሆኑን አወቅን። መኪና አልነበረውም፣ ሹፌርም አልነበረውም። ለወንድሜም ለእኔም ራሱን ነቀነቀና ጆንያዎቹን ተመለከተ።

«ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል» አለ። «ለጫጫ ገበሬዎች ማኅበር ተሰጥተዋል።»

ጓዱ አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ቀስ ብሎ ፈታ። አንዱን አወለቀ፣ ሌላውን አወለቀ፣ ጎን ለጎን ድንቹ ላይ አስደግፎ አቆማቸው። በባዶ እግሩ፣ በዚያ ውርጭ ላይ፣ በሩ ፊት ቆመ።

«ዛሬ ምንም አልቀመስኩም» አለው ወንድሜን።

ወንድሜ በሩን ከፈተለት። እኔ ግን ቁርሴን በልቼ ስለ ነበር ከውጭ ቆምኩ።